የሕፃናት ውጥንና የታላላቆች ቃል

አንድን ሕፃን ለመጀመሪያ ጊዜ ስናገኝ ስሙን ከጠየቅነው በኋላ የምናስከትለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ስታድግ ምን መሆን ትፈልጋለህ?» እንለዋለን። ሕፃኑም «ዶክተር»፣ «ፓይለት»፣ «ኢንጂነር» ብሎ ይመልሳል። እኛም «ጎበዝ!» ብለን ራሱን ዳሰስ አድርገን መንገዳችንን እንቀጥላለን። ጥያቄውም መልሱም ልማድ ስለሆነ ከዚህ አልፎ «ነገ ጠዋት ከየት ትጀምራለህ? ማንስ ይረዳሃል?» የሚለው ሰው ጥቂት ነው። አልፎ ተርፎም መልሱ የልጁ ሳይሆን የወላጁ ይሆናል። ቋንቋችንም ይህንኑ ሳይደብቅ ይመሰክራል፤ እናት ልጅዋን «ዶክተር ሁንልኝ» ስትለው በቃሉ መጨረሻ ላይ የተቀጠለችው «ልኝ» የምኞቱ ባለቤት ማን እንደ ሆነ ትናገራለች። ይህን ስል የእናቶችን ምኞት ለመንቀፍ አይደለም፤ ያለ እርሱ ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት ባልገባን ነበር። ነገር ግን ለልጅ የተመኙለት ነገርና ልጁ ራሱ የወጠነው ነገር አንድ አይደሉም።

እንግዲህ ገና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገኝ ሕፃን የራሱን ግብ እንዲያወጣ መርዳት ተገቢ ነውን? ተገቢ ከሆነስ በእኛ በታላላቆች ላይ ምን ግዴታ ይጥላል? እኔ ይህን ጥያቄ የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን፣ በቡሬ ትምህርተ ክርስቶስ ከማስተምራቸው ልጆች ከአንዲቱ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመስከረም ወር ልጆቹን ሰብስቤ ያንኑ የተለመደ ጥያቄ ጠየቅኋቸው። መልሱ እንደ ወትሮው ዶክተርና ፓይለት ነበር። የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች አንዲት ልጅ ግን ተራዋ ሲደርስ ጥቂት አሰበችና፣ «እስከ ልደት ድረስ በቅዳሴ ላይ የመጀመሪያውን ንባብ በአፋን ኦሮሞ ሳልደናቀፍ ማንበብ እፈልጋለሁ» አለች። ልጆቹ ሳቁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈገግ ብያለሁ፤ ስለ ወደፊት ሕይወቷ ስጠይቃት ስለ ሦስት ወር ነገረችኝና። በኋላ ሳስበው ግን ከመካከላቸው ለጥያቄዬ እውነተኛ መልስ የሰጠችው እርሷ ብቻ ነበረች። የምትፈልገውን ታውቃለች፤ ቀን ቆርጣለታለች፤ መድረስ አለመድረሷንም ማንም ሳይነግራት ራሷ ልታውቀው ትችላለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህን እንድትመኝ ያዘዛት ሰው አልነበረም።

ሕፃን የራሱ የሆነ ውሳኔ ሊወስን ይችላል ወይ የሚለው ክርክር በቤተ ክርስቲያናችን ውስጥም የነበረ ነው። ቀደም ባለው ዘመን በብዙ አገሮች ልጆች ቅዱስ ቁርባን ለመቀበል እስከ አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት፣ ከዚያም በላይ እንዲቆዩ ይደረግ ነበር። ር.ሊ.ጳ. ቅዱስ ፒዮስ 10ኛ በ1910 እ.ኤ.አ. ባወጡት ድንጋጌ ግን ሕፃን የማመዛዘን ችሎታ የሚጀምረው በሰባት ዓመት ገደማ እንደ ሆነ ተወሰነ። ለንስሐና ለቁርባን የበቃ ልጅ ስለ ገዛ ትምህርቱና ስለ ጠባዩ አንዳች ነገር ሊወጥን አይችልም ማለት እንግዲህ አስቸጋሪ ነው።

ከዚህ ድንጋጌ ስድሳ ዓመት ያህል አስቀድሞ በጣልያን አገር የኖረው ቅዱስ ዶመኒኮ ሳቪዮ ለዚህ ጉዳይ የቅርብ ምስክር ነው። በ1849 እ.ኤ.አ. ገና በሰባት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቆርብ ለራሱ አራት ውሳኔዎችን ጻፈ። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ይህ ነው። ለእኛ ለአስተማሪዎች ይበልጥ የሚጠቅመን ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ይመስለኛል። ልጁ በቶሪኖ በቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ ዘንድ በሚማርበት ጊዜ ቅዱስ ለመሆን ቆርጦ በመነሣት ሥጋውን ማሠቃየት ጀመረ፤ በመኝታውም ላይ ድንጋይና የእንጨት ስብርባሪ ያስቀምጥ ነበር። ዶን ቦስኮ ይህን ሲያውቅ ምኞቱን አልነቀፈበትም፤ «አንተ ገና ልጅ ነህ፣ ተወው» ብሎም አላሰናበተውም። መንገዱን ግን ለወጠለት። ደስተኛ እንዲሆን፣ ትምህርቱንና የዕለት ግዴታውን በሚገባ እንዲፈጽም፣ ባልንጀሮቹንም እንዲረዳ መከረው። ከሰማይ የራቀውን ግብ በአንድ ቀን ውስጥ ሊሠራ ወደሚችል ነገር አወረደለት ማለት ነው።

ይህ ጥበብ ከጊዜ በኋላ በሳይንስ ምርመራም ተደግፏል። አልበርት ባንዱራና ዴል ሸንክ የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በሒሳብ እጅግ ደካማ የነበሩ የአንደኛ ደረጃ ልጆችን ወስደው 42 ገጽ የመቀነስ ሒሳብ ሰጧቸው፤ ሥራው በሰባት ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ ነበር። አንዳንዶቹን «በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ስድስት ገጽ ለመሥራት ሞክሩ» አሏቸው። ሌሎቹን «በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ 42ቱንም ገጽ ለመጨረስ ሞክሩ» አሏቸው። ለሌሎቹ ደግሞ ግብ ሳይሰጧቸው ቀሩ። የሥራው መጠን ለሁሉም አንድ ነበር። በትምህርታቸውም በራሳቸው በመተማመንም በልጠው የተገኙት ስድስት ስድስት ገጽ የተባሉት ናቸው፤ ሩቁን ግብ ብቻ ያዩት ልጆች ምንም ግብ ካልተሰጣቸው ብዙም አልተሻሉም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ብሂላችን ይህን አስቀድሞ ያውቀው ነበር ማለት ይቻላል፤ ምንም እንኳ እኛ የምንጠቅሰው አብዛኛውን ጊዜ ስንፍናችንን ለመሸፈን ቢሆንም።

በአገራችንም ሩቁን ግብ ብቻ እያሳዩ ልጅን ማሳደግ የሚያስከትለውን ጉዳት በየዓመቱ እናያለን። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ «ዶክተር» ከሚለው ቃል በቀር ሌላ መለኪያ ያልተሰጠው ወጣት ይህ ውጤት ሲነገረው አሥራ ሁለት ዓመት በከንቱ እንደ ባከነ ይቆጥራል። በመንገዱ ላይ ያገኛቸውን ነገሮች፣ ማንበቡን፣ ማስላቱን፣ ሰዓት ማክበሩን እንደ ውጤት እንዲቆጥር ያስተማረው አልነበረምና። «አንደኛ ውጣ» የሚለው ትእዛዝም ከዚህ የተሻለ አይደለም። በአንድ ክፍል ውስጥ አንደኛ የሚወጣው አንድ ልጅ ነው፤ ስለዚህ ይህን ግብ ለሃምሳ ልጅ መስጠት አርባ ዘጠኙን አስቀድሞ እንደ መጣል ነው። የጎረቤት ልጅ ሲወድቅ ደስ እንዲለው ማስተማርም ይሆናል።

ምናልባት አንባቢ፣ «ትንሽ ትንሽ ግብ የለመደ ልጅ ትንሽ ሰው ሆኖ አይቀርምን?» ይል ይሆናል። ለዚህ ከራሳችን አገር ከኢሉባቦር የተገኘ መልስ አለ። ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሁሩሙ አካባቢ የተወለደው ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ በባሪያ ነጋዴዎች ተሰርቆ ስምንት ጊዜ ከተሸጠ በኋላ በ1870 እ.ኤ.አ. በምጽዋ ነፃ ወጣ። በዚያም ስዊድናውያን ወንጌላውያን አስተማሩት። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ባይሆንም ሥራው የሁላችንም ነው። ግቡ ወደ ወገኖቹ ተመልሶ በቋንቋቸው ማስተማር ነበር። ከ1881 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሱዳን በኩልም ለመግባት ሞከረ፤ አልሆነለትም። በመጨረሻ ነቀምቴ የደረሰው በ1904 እ.ኤ.አ. ነው። በእነዚያ ሃያ ሦስት ዓመታት ውስጥ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። አዲስ ኪዳንን በ1893፣ ከአስቴር ጋኖ ጋር ያዘጋጀውን የንባብ መጽሐፍ በ1894፣ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. በአፋን ኦሮሞ አሳተመ። የሩቁ መንገድ በተዘጋበት ጊዜ በጠረጴዛው ላይ የዛሬው ምዕራፍ ነበረ። የቡሬዋ ልጅ ሳትደናቀፍ ለማንበብ የተመኘችበትን ቋንቋ በመጽሐፍ ላይ ካዋሉት ሰዎች አንዱ እንግዲህ ይህ ከሁሩሙ የተሰረቀ ልጅ ነው።

በዚሁ ታሪክ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ስምንት ጊዜ የተሸጠ ልጅ በባርነቱ ሳለ ለነገ ሊያቅድ አይችልም ነበር፤ ነገ የእርሱ ሳይሆን የጌታው ነውና። ግብ ማውጣት የሚጀምረው ነገ እንደ ተነገረን ሆኖ እንደሚመጣ ስናምን ነው። ለዚህም የራሷ የቡሬ ታሪክ ይመሰክራል። በ1902 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዞች ጋር ከተደረገው ስምምነት በኋላ ጋምቤላ የንግድ ወደብ በሆነችበት ዘመን የጎሬና የቡሬ ቡና በበቅሎና በሸክም ወደ ቆላው ይወርድ ነበር። ከካርቱም የምትመጣው የእንፋሎት መርከብ ግን ጋምቤላ ልትደርስ የምትችለው ባሮ በክረምት ሲሞላ ብቻ ነው። ነጋዴው በበጋ የገዛውን ቡና ይዞ ወራት የሚጠብቀው መርከቧ እንደምትመጣ ስለሚያምን ነበር። ባትመጣ ኖሮ በሚቀጥለው ዓመት የሚያከማች አይኖርም ነበር።

በአሜሪካ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ የተደረገና በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህንኑ በሕፃናት ላይ አሳይቷል። ልጆቹ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሆናቸው፣ ቁጥራቸውም 28 ነበር፤ ከተማሪዎቻችን በዕድሜ ያንሳሉ። አንድ ታላቅ ሰው ለእያንዳንዱ ልጅ የተሻለ የሥዕል መሣሪያ እንደሚያመጣለት ቃል ይገባና ይወጣል። ለግማሾቹ ያመጣል፤ ለግማሾቹ ግን «ለካ የለንም» ብሎ ባዶ እጁን ይመለሳል። ከዚያም አንድ ጣፋጭ በፊታቸው አኑሮ፣ «እስክመለስ ካልበላችሁት ሁለት ታገኛላችሁ» ይላቸዋል። ቃሉ የተጠበቀላቸው ልጆች በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ሲታገሡ፣ የተታለሉት ግን 3 ደቂቃ ያህል ብቻ ቆዩ። እኛ «ይህ ልጅ ትዕግሥት የለውም» የምንለው ስንት ጊዜ ይሆን ልጁ በትክክል አስልቶ ሳለ?

አሁን ወደ ገዛ ጥፋቴ ልመለስ።

በአገራችን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ የእሸት ቡና ለቀማ ነው። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ በቅዳሜም ቀኑን ሙሉ፣ አንዳንዴም ትምህርቱን ትቶ ወደ ቡናው ይሄዳል። ወላጅ ይህን የሚያደርገው ጨክኖ አይደለም፤ የዓመቱ ጨው፣ ልብስና ደብተር የሚገኘው ከዚያ ነው። እኔ ግን ልጅቷ ንባቧን እንድትለማመድ ፈልጌ እናቷን ላነጋግር ሄድኩ። «ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከለቀማው ያሳርፉልኝ፤ በልደት ቀን ታነባለች» አልኋቸው። እናትየው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «እርስዎ ካሉ ይሁን መምህር፤ ብቻ በዕለቱ እንዳታሳፍረን» አሉኝ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እናትየው የሁለት እጆችን ጉልበት ሰጡኝ። ልጅቷም ለሦስት ወር ያህል ቅዳሜ ሳታጓድል መጣች። በመጀመሪያ ፊደሉን እየቆጠረች፣ በኋላ ቃሉን፣ በታኅሣሥ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን ሙሉ አነበበች።

የልደት ዕለት ከመቱ እንግዶች መጡ። ከእነርሱም ጋር መልካም ድምፅ ያለው ወጣት ነበረ። በዓሉ እንዲያምር ብዬ ንባቡን ለእርሱ ሰጠሁት። ልጅቷ ነጠላዋን አስተካክላ በፊት ወንበር ተቀምጣ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ጠርቼ፣ «ለጥምቀት አንቺ ታነቢያለሽ» አልኋት። «እሺ ጋሼ» አለች። አላለቀሰችም፤ አላኮረፈችም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን አልመጣችም፤ ከዚያ በኋላ ባለውም እንዲሁ። በመንገድ አግኝቻት ለምን እንደ ቀረች ስጠይቃት፣ «ረሳሁት» አለችኝ። ሦስት ወር ሙሉ ያልረሳችውን!

ይህን ለመጻፍ ያፈርኩበት ምክንያት ጥፋቱ ትልቅ ስለሆነ አይደለም። ማንም አልተጎዳም፤ ንባቡም በመልካም ድምፅ ተነቧል። ያፈርኩት ለእንግዳው ወጣት የገባሁት ቃል ቢሆን ኖሮ እንደማላፈርሰው ስለማውቅ ነው። ለሕፃን የገባሁት ስለሆነ ግን ማፍረሴ እንኳ አልታወቀኝም። ቃል የእምነት ዕዳ ነው እያልን፣ ባለ ዕዳው የአሥር ዓመት ልጅ ሲሆን ዕዳውን እንሰርዘዋለን።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው ሰነድ የልጆች የመጀመሪያዎቹና ዋነኞቹ አስተማሪዎች ወላጆች እንደ ሆኑ አስታውቋል። ይህ ክብር ሲነበብ ደስ ይላል፤ ሸክሙ ግን ከባድ ነው። አባት፣ «ካለፍክ ጫማ እገዛልሃለሁ» ይላል። ከዚያ የጀንፈሉ ዋጋ ይወድቃል፤ የዓለም የቡና ዋጋ በኒው ዮርክ ገበያ ሲወጣና ሲወርድ ቡሬ ላይ ያለውን ጆንያም ይነካዋል። አባትየው አልዋሸም። ልጁ ግን የሚያውቀው ማለፉንና ጫማው አለመምጣቱን ነው። ስለዚህ ድኻ ወላጅ ለልጁ ቃል አይግባ እንበልን? አይደለም። በእጁ ያለውን ይስጥ። ገንዘብ በእጁ ከሌለ ጊዜ አለው፤ ማታ ማታ አሥር ደቂቃ ተቀምጦ ልጁ ሲያነብ ማዳመጥ ይችላል። ማንበብ የማይችል ወላጅም ማዳመጥ ይችላል፤ ልጁ የተደናቀፈበትን ቦታም በድምፁ ያውቀዋል። ቃሉን መጠበቅ ሲያቅተው ደግሞ ዝም ብሎ ከማለፍ ምክንያቱን ለልጁ ይንገረው። የተነገረው ልጅ አዝኖ ይቀበላል። ያልተነገረው ልጅ ግን ሁለተኛ አይወጥንም።

እኔም በየካቲት ወር ወደ ልጅቷ ቤት ሄድኩ። እናትየው በደጅ ባለው አልጋ ላይ የቀረውን ቡና ያሰጣሉ፤ ልጅቷ ታገላብጣለች። በእናቷ ፊት፣ «ቃሌን አፍርሻለሁና ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኋት። እናትየው ደንግጠው፣ «ኧረ መምህር! ለልጅ ደግሞ ይቅርታ ይባላል?» አሉ። በባህላችን ታላቅ ታናሹን ይቅርታ ሲጠይቅ ማየት እንግዳ ነገር መሆኑን አላጣሁትም። ሥልጣን ይቀልላል የሚል ፍርሃት አለ። እኔ ግን የቀለለው የሚመስለኝ በልደት ዕለት ነው። ልጅቷ ምንም አልመለሰችልኝም። ቡናውን እያገላበጠች ቀጠለች።

ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ልጅ በአንድ ደብተር ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ገጾች መድበናል። በቀኝ በኩል ልጁ እስከ መቼ ምን ሊያደርግ እንደ ወጠነ በራሱ እጅ ይጽፋል፤ የሚበዛው «ያለ አራሚ አንድ ገጽ መገልበጥ»፣ «የሰባትን ማባዣ ማወቅ»፣ «ከታናሼ ጋር አለመጣላት» የሚል ነው። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይልቅ እንደሚከብድ ልጆቹ ራሳቸው ነግረውናል። በግራ በኩል ደግሞ ወላጁና አስተማሪው ለዚያ ግብ ምን እንደሚያደርጉ ይጽፋሉ፤ ልጁም በየወሩ መጨረሻ የእኛን ገጽ ይፈትሻል። ካቴኪስቶች ሆይ፣ ብትሞክሩት በመጀመሪያው ወር ላይ የግራው ገጽ ባዶ ሆኖ ሊያሳፍራችሁ እንደሚችል አስቀድሜ እነግራችኋለሁ። የእኔን ገጽ የፈተሸች አንዲት ልጅ ከአራት መስመሮች ሦስቱን በቀይ አስምራባቸዋለች።

ያቺው ልጅ በጰራቅሊጦስ በዓል ከሐዋርያት ሥራ አነበበች። በዚያ ምንባብ ላይ ከየአገሩ የመጡት ሰዎች ዝርዝር አለ፤ የፍርግያና የጵንፍልያ ስም ታላላቆችንም የሚያደናቅፍ ነው። እርሷም እዚያ ስትደርስ ቆመች። ወደ ኋላ ተመልሳ ከመስመሩ መጀመሪያ አነበበችና አለፈችው። ከቅዳሴ በኋላ እናቷ እጄን ሲጨብጡኝ ልጅቷ ከኋላቸው ቆማ፣ «ጋሼ፣ ሁለት ቦታ ተደናቀፍኩ» አለችኝ። እኔ የቆጠርኩት አንድ ብቻ ነበር።